ቅርፊቱ የሚሠራው ሌሊት ነው፦ ለድርጭቶቼ ገዝቼ የሞከርኳቸው የማዕድን ምርቶች

አውራ ጣቴ እንቁላሉ ውስጥ ገባ። አጥብቄ ይዤው አይደለም፤ እንደ ሁልጊዜው ከኬጁ ተንከባሎ የወጣውን ላነሳ ጎንበስ ስል ነው። ቅርፊቱ እንደ ራሰ ወረቀት ወደ ውስጥ ጎደጎደና አስኳሉ መዳፌ ላይ ፈሰሰ። ከጎኑ ያለው ደግሞ ጭራሽ ቅርፊት የለውም። ስስ ሽፋን ብቻ ለብሶ፣ ውሃ እንደሞላ ትንሽ ፊኛ ተኝቷል። የዚያን ቀን ከሰበሰብኳቸው 48 እንቁላሎች 11ዱ እንዲህ ነበሩ።

ከአሥር ቀን ገደማ በፊት ከተዘጋጀ መኖ ወደ ራሴ ቅልቅል ቀይሬ ነበር። በቆሎ፣ የአኩሪ አተር ተረፈ ምርት፣ ጥቂት ፉርሽካ፣ ጨው፣ ከዚያ ደግሞ ከረጢቱ ላይ «ለእንቁላል ጣዮች፣ ቫይታሚንና ማዕድን» የሚል ፕሪሚክስ፣ ማለትም መኖ ላይ በጥቂቱ የሚጨመር ዝግጁ ድብልቅ። ማዕድኑ በዚያ የተሟላ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ድርጭቶቼ ቀሪውን ከገዛ አጥንታቸው እየቆረሱ ሲከፍሉ ቆይተው፣ አጥንቱም ሲያልቅ ነው እንቁላሉ እጄ ላይ የፈሰሰው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ሊሆን ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፈሳሽ ካልሲየም፣ ሁለት ዓይነት ፕሪሚክስ፣ የደቀቀ የኖራ ድንጋይ፣ የተከሰከሰ የኦይስተር (የባሕር እንስሳ) ዛጎልና ዲካልሲየም ፎስፌት የሚባል የካልሲየምና የፎስፈረስ ውህድ ገዝቼ ሞክሬያለሁ። የአምራቾቹን ስም አልጠራም። ከስሙ ይልቅ ከረጢቱ ጀርባ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ነው የሚጠቅማችሁ፤ እሱን እንዴት እንደማነበው እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ሒሳብ። ይህን ሒሳብ ሳይዙ ማዕድን መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

የድርጭት እንቁላል 10 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ አንዳንዱ 12 ይደርሳል። ከክብደቱ 8 በመቶ ያህሉ ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የካልሲየም ካርቦኔት 40 በመቶ ደግሞ ካልሲየም። ስለዚህ አንድ እንቁላል በተጣለ ቁጥር 0.3 ግራም ገደማ ካልሲየም ከድርጭቷ ገላ ይወጣል። የበላችው ሁሉ ወደ ደሟ አይገባም፤ ግማሽ ያህሉ ቢገባ ጥሩ ነው። እንግዲህ በቀን 0.6 ግራም ያህል መብላት አለባት ማለት ነው። በቀን 25 ግራም መኖ የምትበላ ከሆነ፣ መኖው 2.5 በመቶ ካልሲየም ሊኖረው ይገባል። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1994 ባወጣው የዶሮና መሰል ወፎች የምግብ ፍላጎት ሰንጠረዥ ለጣይ የጃፓን ድርጭት ያስቀመጠው ቁጥርም ይኸው 2.5 በመቶ ነው። ሒሳቡ በሁለቱም በኩል አንድ ቦታ ይገናኛል፤ እኔን ያሳመነኝም ይህ ነው።

በአንድ ኪሎ መኖ 25 ግራም ካልሲየም። ይህችን ቁጥር ያዟት፤ ደጋግሜ እመለስባታለሁ።

ድርጭቷን አስቡ። ከ150 እስከ 200 ግራም የምትመዝን ትንሽ ወፍ ናት። እንቁላሏ ከገላዋ ክብደት ከ6 እስከ 8 በመቶ ይደርሳል። ዶሮ እንኳ ይህን አትጥልም። ይህን በየቀኑ፣ አንዳንዷ ሳታቋርጥ ለሳምንታት ትጥላለች። ስለዚህ ማዕድን ለእሷ ማጣፈጫ አይደለም፤ ዋና ቀለብ ነው።

አሁን ወደ ምርቶቹ ልግባ።

ፈሳሹ ካልሲየም። ደንግጬ መጀመሪያ የገዛሁት እሱን ነው፤ ምክንያቱም ቶሎ ይሠራል ተባልኩ፣ ውሃ ውስጥ ጠብ ማድረግም ቀላል ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው በአንድ ሚሊ ሊትር 30 ሚሊ ግራም ካልሲየም፣ አወሳሰዱም በአንድ ሊትር ውሃ 2 ሚሊ ሊትር የሚል ነበር። እስቲ እናስላው። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 60 ሚሊ ግራም ገባ። ድርጭቷ በቀን 50 ሚሊ ሊትር ብትጠጣ የምታገኘው 3 ሚሊ ግራም ነው። የሚያስፈልጋት ደግሞ 600! ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ለአምስት ቀን ሰጠሁ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ውሃ ማጠጫው ጣፋጭ ነገር ስለገባበት ቶሎ ቶሎ ያንሸራትት ጀመር፣ እሱን ማጠቡ ሌላ ሥራ ሆነ። ፈሳሹ ውስጥ ቫይታሚን ዲ3 አለ፤ ለጊዜው ዲ3 የጎደላት ወፍ በእሱ ልትጠቀም ትችላለች፤ የካልሲየም ምንጭ ነው ብሎ መሸጡ ግን ትክክል አይደለም። ዳግም አልገዛውም።

ፕሪሚክሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ እኔም የተሳሳትኩት እዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ፕሪሚክስ ከረጢት ላይ ካልሲየም 30 በመቶ ይላል። 30 በመቶ ሲባል ብዙ ይመስላል። ግን ቀጥሎ የተጻፈውን እዩ፦ በአንድ ኪሎ መኖ 2.5 ግራም ይጨመር። የ2.5 ግራም 30 በመቶ 0.75 ግራም ነው። ከ25 ግራም ውስጥ 0.75! ያ ካልሲየም እዚያ የገባው ድርጭቷን ለመመገብ ሳይሆን ሌሎቹን ጥቃቅን ማዕድናት ተሸክሞ መጠኑን ለማብዛት ነው። የኖራ ዱቄት ርካሽ ተሸካሚ ስለሆነ አምራቾች ይወዱታል። ነውር አይደለም፣ ማታለልም አይደለም፤ መጠኑን ጽፈውታል። እኔ ግን አንዱን ቁጥር አንብቤ ሁለተኛውን ሳላነብ ቀረሁ፤ ዋጋውን የከፈሉት ድርጭቶቹ ናቸው።

ታዲያ ፕሪሚክስ አያስፈልግም ማለቴ ነው? በፍጹም። ራሳችሁ ለምትቀላቅሉ ሰዎች የግድ ነው። ሥራው ግን ሌላ ነው። ዚንክን ውሰዱ። ቅርፊቱ ካርቦኔት ነው ብለናል፤ ያን ካርቦኔት የሚያዘጋጀው ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ የሚባል ኢንዛይም ያለ ዚንክ አይሠራም። ማንጋኒዝ ከሌለ ደግሞ ካልሲየሙ የሚደረደርበት ስስ መሠረት በደንብ አይሸመንም፤ ካልሲየም ሞልቶ ቅርፊቱ ግን ሸካራና ተሰባሪ ይሆናል። መዳብ ለውስጠኛው ሽፋን ጥንካሬ ይፈለጋል። ሴሌኒየምና አዮዲን እንቁላሉን ለማስፈልፈል ለሚፈልግ ሰው ወሳኝ ናቸው፤ ለጽንሱ ይሄዳሉና። በዚያው የ1994 ሰንጠረዥ ለጣይ ድርጭት በአንድ ኪሎ መኖ ማንጋኒዝ 60፣ ዚንክ 50፣ ብረት 60፣ መዳብ 5 ሚሊ ግራም ተቀምጧል። አዮዲን 0.3፣ ሴሌኒየም 0.2 ሚሊ ግራም ብቻ። እነዚህን በእጅ መዝኖ መቀላቀል አይታሰብም፤ ፕሪሚክስ የተፈጠረው ለዚህ ነው።

ሴሌኒየም ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በሚጠቅመውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። በአሜሪካ ሕግ መኖ ላይ የሚጨመረው ሴሌኒየም በኪሎ ከ0.3 ሚሊ ግራም አይበልጥም። ስለዚህ «ትንሽ ጨመር ባደርግ ይሻላል» ብሎ የፕሪሚክሱን መጠን እጥፍ ማድረግ አደገኛ ነው። ጨምሩ የምትባሉት ኖራውን እንጂ ፕሪሚክሱን አይደለም።

የመጀመሪያው ፕሪሚክስ ሌላም ችግር ነበረበት። ከረጢቱን ስከፍተው ጠጠር ጠጠር ያሉ ጓሎች አገኘሁ፣ ሽታው የከረመ ዘይት ይመስላል። የተመረተበት ቀን ተለጥፎ ነበር፣ ግን በላዩ ሌላ ወረቀት ተለጥፎበታል። ቫይታሚንና ማዕድን አንድ ከረጢት ውስጥ ሲከርሙ፣ በተለይ እርጥበት ከገባ፣ እንደ መዳብና ብረት ያሉት ማዕድናት ቫይታሚኖቹን ያበላሹባቸዋል። ዲ3 ከተበላሸ ደግሞ ካልሲየም ብታበሉ ከአንጀት ወደ ደም አይገባም፤ በኩስ ተመልሶ ይወጣል። የሸጠልኝ ሰው «ምንም አይሆንም፣ ፈጭተህ ተጠቀምበት» አለኝ። አልተጠቀምኩበትም፤ ጣልኩት።

ሁለተኛው ፕሪሚክስ የተለየ ነው፤ እስከ ዛሬም የምገዛው እሱን ነው። ለምን ወደድኩት? አንደኛ፣ እያንዳንዱ ማዕድን በምን መልክ እንደገባ ይጽፋል። ማንጋኒዝ ሰልፌት፣ ዚንክ ሰልፌት፣ መዳብ ሰልፌት ይላል። የመጀመሪያው ግን «መዳብ፣ ብረት» ብሎ ብቻ ያልፋል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የመዳብ ኦክሳይድና የብረት ኦክሳይድ የድርጭቷ አንጀት ውስጥ ገብተው እንዳሉ የሚወጡ ናቸው ማለት ይቻላል፣ ሰልፌቶቹ ግን በደንብ ይሟሟሉ። ሁለተኛ፣ ቫይታሚኑ በአንድ ከረጢት፣ ማዕድኑ በሌላ ነው፤ የምትቀላቅሉት መኖውን ስታዘጋጁ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ የሚያበቃበት ቀን ከረጢቱ ላይ ታትሟል፣ አልተለጠፈም።

ከአሚኖ አሲድ ጋር የተያያዙ ማዕድናት ያሉበት በጣም ውድ የሆነ ሦስተኛ ዓይነትም አለ። የበለጠ ወደ ደም እንደሚገባ ይነገራል፤ እህልና ጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት ዚንክን አንቆ ስለሚይዝ ሐሳቡ ምክንያታዊ ነው። አልገዛሁትም። ኖራውን ሳያስተካክሉ ወደዚያ መሄድ ጣሪያው ሳይመታ መጋረጃ እንደመምረጥ ስለሆነብኝ ነው።

ስለ አቀላቀሉ አንድ ልምዴን ልንገራችሁ። 20 ኪሎ መኖ ላይ 50 ግራም ፕሪሚክስ በትኖ ማማሰል አይሆንም፤ አንዷ ድርጭት ብዙ ታገኛለች፣ ሌላዋ ባዶ። 50 ግራሙን መጀመሪያ ከግማሽ ኪሎ የተፈጨ በቆሎ ጋር በእጄ አሻለሁ። ያንን ከ5 ኪሎ ጋር፣ ከዚያ ከቀሪው ጋር። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም።

ወደ ኖራ ድንጋይ እንለፍ። የደቀቀው የኖራ ዱቄት (ድንጋዩ እንዳለ የተፈጨው እንጂ የተቃጠለው የግንብ ኖራ አይደለም) የሁሉም ርካሽ ነው፤ ንጹሕ ከሆነ 38 በመቶ ያህል ካልሲየም አለው። እንግዲህ 25 ግራሙን ለመሙላት ከ55 እስከ 65 ግራም በአንድ ኪሎ መኖ ይበቃል ማለት ነው። ገዛሁ፣ ቀላቀልኩ። በሳምንቱ ቅርፊት የለሽ እንቁላል ጠፋ። ይህን ምስክርነቴን እሰጣለሁ፤ ርካሹ ከረጢት ውዱ ጠርሙስ ያልቻለውን አደረገ።

ግን ሁለት ነገር አላረካኝም። አንደኛ፣ ዱቄቱ መመገቢያው ሥር ይዘቅጣል። ድርጭት መኖዋን በምንቃሯ እየበተነች፣ በቆሎውን እየመረጠች የምትበላ ወፍ ናት፤ ማታ መመገቢያውን ሳየው ከታች ሁለት ጣት የሚያህል ነጭ ዱቄት ተርፎ አገኛለሁ። ያ ማለት ያሰላሁት 2.5 በመቶ ወረቀት ላይ ነው እንጂ ሆዷ ውስጥ የለም። መኖውን በጥቂት ዘይት ወይም ውሃ ማርጠብ ይረዳል፤ ውሃ ከሆነ ግን የዕለቱን ብቻ ማርጠብ ነው፤ ያደረ እርጥብ መኖ ይሻግታል።

ሁለተኛው ነገር ነው ዋናው፤ የዚህ ጽሑፍ ርዕስም ከዚያ የመጣ ነው።

ድርጭት እንደ ዶሮ ጠዋት አትጥልም። አብዛኛዋ የምትጥለው ከሰዓት በኋላ ወደ ማታ ነው። ከጣለች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቀጣዩ አስኳል ይለቀቃል፤ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ቅርፊት ወደሚለብስበት ማሕፀን ይደርሳል። እዚያም 20 ሰዓት ያህል ይቆያል። ቀኑ 10 ሰዓት ላይ የጣለች ድርጭት፣ የቀጣዩ እንቁላሏ ቅርፊት መገንባት የሚጀምረው ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ነው። መብራቱ ሲጠፋ ማለት ነው፤ መብላት ስታቆም። ሌሊቱን ሙሉ ካልሲየም ትፈልጋለች፣ መመገቢያው ጋ ግን አትሄድም። ያ ጠቆርቆር ያለ ጣል ጣል ነጠብጣብ የሚቀባው ደግሞ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰዓታት ነው።

ታዲያ ሌሊት ከየት ታምጣ? ወይ ሆዷ ውስጥ ካደረው፣ ወይ ከአጥንቷ። እንቁላል ጣይ ወፎች መጣል ከመጀመራቸው ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ በእግራቸው አጥንት ውስጥ፣ መቅኔው ባለበት ቦታ፣ ልዩ ተቀማጭ አጥንት ያበቅላሉ። እንደ ቁጠባ ነው፤ ሌሊት ይወጣል፣ ቀን ይሞላል። ቀን ካልሞላ ተቀማጩ ያልቅና ዋናው አጥንት መሰርሰር ይጀምራል። እግሯን እየጎተተች የምትሄድ፣ ስትያዝ ክንፏ የሚሰበር ጣይ ድርጭት አይታችሁ ከሆነ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

የደቀቀ ዱቄት ሆድ ውስጥ አያድርም። ይሟሟል፣ ያልፋል። ይህን በዓይኔ ለማየት ሁለት ብርጭቆ ወስጄ በእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር አቼቶ ቀዳሁ። በአንዱ 2 ግራም የኖራ ዱቄት፣ በሌላው 2 ግራም የተከሰከሰ የኦይስተር ዛጎል ጨመርኩ። ዱቄቱ ወዲያው አረፋ ደፈቀና ብዙም ሳይቆይ ጸጥ አለ። ዛጎሉ ግን ቀስ እያለ፣ ከእያንዳንዷ ስባሪ ጥቃቅን አረፋ እየለቀቀ አመሸ፤ ጠዋት ስነሳ አሁንም ከትልልቆቹ ላይ አንድ አንድ አረፋ ወደ ላይ ይወጣል። በወፏ ጡንቻማ ጨጓራ ውስጥም የሚሆነው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ሻካራው ስባሪ እዚያ ይቀመጥና በአሲዱ እየተሟሟ ሌሊቱን ሙሉ ካልሲየም ይለቃል።

የብርጭቆው ሙከራ ሌላም ነገር አሳየኝ። የኖራ ዱቄቱ ከሟሟ በኋላ ሥሩ ላይ ቡናማ አሸዋ ቀረ፤ በጣት ሲታሽ የሚቆረቁር። ንጹሕ ኖራ እንዲህ አይተውም። ከዚያ ወዲህ አዲስ ከረጢት ስገዛ ሁልጊዜ ከመቀላቀሌ በፊት በአቼቶ እሞክራለሁ። ከረጢቱ ላይ የማግኒዚየም መጠን ካለም አነባለሁ። ዶሎማይት የሚባለው ድንጋይ ኖራ ይመስላል፣ ማግኒዚየሙ ግን ብዙ ነው፤ ለእርሻ አፈር ጥሩ ይሆናል፣ ለጣይ ወፍ ግን ኩሱን ያቀጥናል፣ ቅርፊቱንም ያበላሻል።

እንግዲህ የዛጎሉ ነገር። ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው። ካልሲየሙ ከኖራው አይበልጥም፣ ያው 38 በመቶ አካባቢ ነው። የሚበልጠው በመጠኑ ነው፣ በስባሪው ትልቅነት። ከረጢቱ ግን ለዶሮ የተዘጋጀ ነበር፤ ስባሪዎቹ 4 እና 5 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ ጠርዛቸው ስለት ነው። ድርጭቶቹ አንስተው ይጥሉታል። ስለዚህ በሙቀጫ ወቅጬ ሁለት ጊዜ ነፋሁት። ዱቄቱን በወንፊት አስወጣሁ፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆነውን አስቀረሁ። ለድርጭት ተብሎ ደቀቅ ብሎ የሚሸጥም አለ፤ ካገኛችሁ ከወቀጣው ትገላገላላችሁ።

ከመኖው ጋር አልቀላቅለውም፤ በተለየ ትንሽ ሳህን አደርገዋለሁ። እዚህ ጋ ያየሁትን ብታዩ ደስ ይላችኋል። ጠዋት ሳህኑ ጋ የሚደርስ የለም ማለት ይቻላል። ወደ ማታ፣ መብራት ሊጠፋ አንድ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ አንዷ መጥታ ትቆማለች፣ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ስባሪዎቹን ታያለች፣ አንድ ትመርጣለች፣ ትውጣለች፣ ደግሞ ሌላ። ከዚያ ሁለተኛዋ ትመጣለች። ወንዶቹ ቀርበው ያዩና ይሄዳሉ። ማንም አላስተማራቸውም፤ ካልሲየም የጎደላት ጣይ ወፍ ለይታ ታውቀዋለች።

አሁን ግማሹን ካልሲየም በደቀቀ ኖራ መኖው ውስጥ፣ ግማሹን በዛጎል ለብቻ እሰጣለሁ። ውጤቱን በሚዛን ነው የማየው። አሥር እንቁላል እመዝናለሁ፣ እሰብራለሁ፣ ቅርፊቱን አጥቤ በደንብ አደርቃለሁ፣ እንደገና እመዝናለሁ። በመጀመሪያው መጥፎ ሳምንት፣ ቅርፊት የለሾቹን ትቼ፣ 104 ግራም እንቁላል 5.6 ግራም ደረቅ ቅርፊት ነበረው። በኖራ ዱቄት ብቻ 7.4 ደረሰ። ዛጎሉ ከተጨመረ ከወር በኋላ 106 ግራም እንቁላል ላይ 8.7 ግራም አነበብኩ። የእኔ ስልሳ ድርጭቶች ናቸው፣ ጥናት አላደረግኩም። ልዩነቱ ግን በሚዛንም፣ በእጅም ይታወቃል፤ አሁን እንቁላሉ ሲነካካ እንደ ጠጠር ቀጭ ይላል።

ዲካልሲየም ፎስፌቱ ብዙ ወሬ አያስፈልገውም፤ ጥሩ ዕቃ ነው፣ የሚለውን ይሠራል። እህልና ጥራጥሬ ውስጥ ካለው ፎስፈረስ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በፋይቴት ስለታሰረ ወፏ አትጠቀምበትም። ጣይ ድርጭት የምትፈልገው ያልታሰረ ፎስፈረስ 0.35 በመቶ ነው። በበቆሎና በአኩሪ አተር ቅልቅሌ ላይ፣ 18 በመቶ ፎስፈረስ ያለውን ዲካልሲየም በኪሎ 12 ግራም ገደማ ስጨምር ይሞላል። እሱ ራሱ ካልሲየም ስላለው ኖራውንና ዛጎሉን በድምር ወደ 55 ግራም አወርደዋለሁ። ጨው 3 ግራም። ዲካልሲየሙን ከዚህ በላይ አትጨምሩ፤ ፎስፈረስ ሲበዛ ቅርፊቱ መልሶ ይሳሳል። የአጥንት ዱቄት በምትኩ መጠቀም ይቻላል፤ በእንፋሎት በደንብ የተቀቀለ መሆኑን ካላወቃችሁ ግን ይቅርባችሁ፣ በሽታ ይዞ ይገባል። ያልተጣራ የፎስፌት ድንጋይም እንዲሁ፣ ፍሎሪን አለበት።

የራሳቸውን ቅርፊት መልሶ ስለመስጠት ትጠይቁኝ ይሆናል። ይቻላል። አጥባችሁ፣ ቀቅላችሁ ወይም ምጣድ ላይ በደንብ አድርቃችሁ፣ የእንቁላል መልክ እስኪጠፋ ሰባብራችሁ ስጡ። መልኩ ካልጠፋ እንቁላላቸውን መብላት ይለምዳሉ። ግን ከሚጥሉት ሁሉ ቅርፊቱ ወደ እናንተ አይመለስም፤ የሚሸጠው ይሸጣል። ስለዚህ ማሟያ ነው እንጂ ብቻውን አይበቃም።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህ ሁሉ ለሚጥሉት ብቻ ነው። በማደግ ላይ ያለ ጫጩት የሚፈልገው ካልሲየም 0.8 በመቶ ነው፣ የጣይ ሲሶ። «አጥንታቸው ይጠንክር» ብሎ የጣይ መኖ ለጫጩት መስጠት ኩላሊታቸውን ይጎዳል። የሞተውን ስትከፍቱት ልብና ጉበቱ ላይ ኖራ የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነገር ታያላችሁ፤ ዩሪክ አሲድ ነው። እኔ ወደ ጣይ መኖ የምቀይራቸው የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች መታየት ሲጀምሩ፣ በ6ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ለጣዮቹም ቢሆን 4 እና 5 በመቶ ማድረስ ጥቅም የለውም፤ መኖው ይመራቸዋል፣ መብላት ይቀንሳሉ፣ ዚንኩና ማንጋኒዙም አንጀት ውስጥ ታግቶ ይቀራል። ዛጎሉን ለብቻው በሳህን የምወደው ለዚህም ነው፤ ያልፈለገች አትበላም።

ደግሞም ስስ ቅርፊት ሁሉ የማዕድን ጉድለት አይደለም። ሙቀት ሲበረታ ወፏ ስታለከልክ ከደሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብዙ ይወጣል፤ ቅርፊት የሚሠራበት ካርቦኔት ይቀንሳል። በዚያ ላይ ሙቀቱ የምግብ ፍላጎቷን ስለሚዘጋ 25 ግራሙ 20 ይሆናል፤ 2.5 በመቶ ካልሲየም ያኔ አይበቃም፣ ወደ 3 ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ያረጀች ድርጭትም ቅርፊቷ ይሳሳል። እንቁላሉ በድንገት ሁሉም ነጭ ሆኖ፣ ነጠብጣቡ ጠፍቶ፣ ወፎቹም ተኮራምተው ካያችሁ፣ ማዕድን ሳይሆን ሐኪም ጥሩ።

አሁን ቤቴ ያለው ይህ ነው፦ ሁለተኛው ፕሪሚክስ በሁለት ከረጢት፣ አንድ ጆንያ የኖራ ዱቄት፣ አንድ ባልዲ የተነፋ ዛጎል፣ ትንሽ ዲካልሲየም። ፈሳሹ ጠርሙስ ግማሹ ሳያልቅ ቀኑ አልፎበታል። ለጀማሪ አንድ ነገር ብቻ ግዛ ብባል፣ የተዘጋጀ የዶሮ ጣይ መኖ ለሚጠቀም ሰው ምንም ሳልጨምር ዛጎሉን ነው የምለው፤ ካልሲየሙ እዚያ ውስጥ በቂ ነው፣ የሚጎድለው ሻካራውና ፕሮቲኑ ነው። የዶሮ ጣይ መኖ ፕሮቲን 16 ወይም 17 በመቶ ነው፣ ድርጭት 20 ትፈልጋለች። ያ ግን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ይህን የምጽፈው ማታ ነው። መብራቱ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታል። ሦስቱ ሳህኑ ዙሪያ ቆመዋል፤ አንዷ ትልቅ ስባሪ አንስታ ስታበቃ መልሳ ጣለችው፣ ከሥሩ ያለችውን ትንሿን መረጠች። ሳህኑ ጎድሏል፤ ልሞላው ልነሳ።